በባይኖኩላር የለካሁት የኮከብ ድምቀት ለማን ይጠቅማል? ከጅማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ነው የምኖረው፣ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከአጎቴ 10 በ50 ባይኖኩላር አግኝቻለሁ። አማተሮች የኮከቦችን ድምቀት እየለኩ ለባለሙያዎች እንደሚልኩ አነበብኩ። ሰዎቹ እኮ ጠፈር ላይ ሳይቀር ቴሌስኮፕ አላቸው። እኔ ጅሬን ጫፍ ላይ ቆሜ በዓይኔ የገመትኩት ቁጥር የምር ይጠቅማቸዋል ወይስ እኛን ለማበረታታት ነው? የሚጠቅም ከሆነስ ከየት ልጀምር? ቴሌስኮፕ መግዛት አለብኝ?»

ወንድሜ፣ የምር ይጠቅማል። የእኔ ሥራ ፎቶሜትሪ ነው፣ የኮከብ ብርሃን መለካት። የአንድን ኮከብ የብዙ ዓመት ታሪክ ማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የምከፍተው የአማተሮችን መዝገብ ነው። ብዙ ጊዜ ሌላ መዝገብ የለማ! ግን ለምን እንደሚጠቅም በደንብ ካልገባህ ትንሽ ሞክረህ ትተወዋለህ። ስለዚህ ከምክንያቱ ልጀምር።

ትልቅ ቴሌስኮፕና ደማቅ ኮከብ አይስማሙም። ቺሊ ያለው የሩቢን ኦብዘርቫቶሪ መስታወቱ 8.4 ሜትር ስፋት አለው። የተሠራው እጅግ ደብዛዛ ነገሮችን ለማየት ነው። አንተ በባይኖኩላር የምታየውን ኮከብ ቢያነሳ ሴንሰሩ በብርሃን ይጥለቀለቅና የሚለካ ነገር አይተርፍም። እኛ ጋ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ቤቴልጌውዝን የመሰለ ኮከብ ላይ ሲዞሩ ይቸገራሉ። ለዓይን ግልጽ ሆነው የሚታዩት ኮከቦች፣ ማለትም ሰው ሁሉ ባለሙያዎቹ አንድ በአንድ ለክተው የጨረሷቸው የሚመስሉት፣ እነሱ ናቸው ጠባቂ የሚያጡት።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ባለሙያ ቴሌስኮፕ ለመጠቀም ማመልከቻ ጽፎ፣ ተወዳድሮ፣ ወራት ጠብቆ ጥቂት ሌሊት ያገኛል። ኮከቡ ግን የእሱን ቀጠሮ አያውቅም። ኤፕሲሎን ኦሪጌ የሚባለውን ውሰድ። በየ27 ዓመቱ አንድ ጥቁር የአቧራ ዲስክ ከፊቱ ያልፍና ለሁለት ዓመት ገደማ ያደበዝዘዋል። የመጨረሻው ግርዶሽ ከ2009 እስከ 2011 ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት አንድ ኮከብ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ቴሌስኮፕ የለም። አማተሮች ናቸው የተቀመጡት። ካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ያሉ ባለሙያዎች ደግሞ የበርካታ ቴሌስኮፖችን ብርሃን አጣምረው ዲስኩ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ምስሉን አነሱ። አንዱ ወገን ፎቶውን፣ ሌላው የሁለቱን ዓመት ጉዞ አመጣ።

እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ግን ኤስኤስ ሲግኒ ነው፤ እሱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ። ይህ አንድ ኮከብ ይምሰል እንጂ ጥንድ ነው። አንዱ ነጭ ድንክ የሚባለው፣ ነዳጁን የጨረሰ ትንሽ ኮከብ ነው፤ ከጎረቤቱ ላይ ጋዝ ይስባል። ጋዙ በዙሪያው እንደ ዲስክ ይከማችና በየ7 ሳምንቱ ገደማ ድንገት ይግላል፣ ይደምቃል። «ገደማ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ቀኑን ማንም አስቀድሞ መናገር አይችልም። ይህ ለምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ጥሩ ንድፈ ሐሳብ ነበር። ችግሩ የመጣው በሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የተለካው ርቀት 520 የብርሃን ዓመት ሲሆን ነው። ያን ያህል ርቆ ይህን ያህል ከደመቀ፣ የሚያወጣው ብርሃን ንድፈ ሐሳቡ ከሚፈቅደው በላይ ነው። ወይ ርቀቱ ተሳስቷል ወይ እኛ ስለነዚህ ዲስኮች የምናውቀው ሁሉ ፈርሷል።

ርቀቱን በሌላ መንገድ፣ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ፣ መለካት ይቻላል። ግን ኤስኤስ ሲግኒ የሚለካ የሬዲዮ ሞገድ የሚልከው በሚደምቅበት ሰሞን ብቻ ነው። ስለዚህ ልክ መድመቅ ሲጀምር አንድ ሰው «ጀመረ!» ማለት አለበት። ያን ያሉት አማተሮች ናቸው። በተለያየ አገር ሆነው በየሌሊቱ ይጠብቁታል፣ ሲነሳ መልእክት ይልካሉ፣ አሜሪካና አውሮፓ ያሉት የሬዲዮ ዲሾች ወዲያው ይዞራሉ። ውጤቱ በ2013 ታተመ። ርቀቱ 370 የብርሃን ዓመት ሆነ። ርቀቱ በዚህ ልክ ሲያጥር ኮከቡ በእውነት የሚያወጣው ብርሃን ወደ ግማሽ ወረደ፣ ንድፈ ሐሳቡም ተረፈ። ኋላ ጋያ የተባለችው ሳተላይት ስትለካውም ያው ሆነ። እንግዲህ አስበው፤ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው የተተከሉ ዲሾች የሚዞሩበትን ሰዓት የወሰነው ጓሮው ውስጥ ቆሞ ሰማይ የሚያይ ሰው ነው።

ሐብል ራሱም የአማተር ዓይን ይፈልጋል። አንዱ መሣሪያው ለብርሃን በጣም ስስ ስለሆነ፣ እንዲህ ዓይነት ኮከብ ድንገት ደምቆ ሳለ ቢዞርበት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ምልከታው ከመጀመሩ በፊት አማተሮች ኮከቡ ጸጥ ማለቱን ያረጋግጣሉ። የእነሱ ማረጋገጫ ካልመጣ ምልከታው ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ድምቀት የሚለካው በማግኒቲዩድ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ትለምደዋለህ። 5 ማግኒቲዩድ ማለት የ100 እጥፍ የብርሃን ልዩነት ነው፤ 1 ማግኒቲዩድ ደግሞ 2.5 እጥፍ ያህል። ጨለማ ሰማይ ላይ በባዶ ዓይን እስከ 6፣ በአንተ ባይኖኩላር እስከ 9 ገደማ ትደርሳለህ። በዚህ ክልል ውስጥ ከበቂ በላይ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ድምቀታቸው የሚለዋወጥ፣ ኮከቦች አሉ።

የመጀመሪያ ኮከብህ ቤቴልጌውዝ ይሁን። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለው ቀዩ ነው፤ ባይኖኩላር እንኳን አይፈልግም። ይህን የመረጥኩልህ ጅማ ስላለህ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ አካባቢ ላይ ናት። ቤቴልጌውዝ ሰማይ ላይ ያለበት ደግሞ በሰሜን 7 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ ኮከቡ በቀጥታ በአናትህ ላይ ያልፋል፤ ከአናትህ የሚርቀው ከሙሉ ጨረቃ ስፋት አይበልጥም። ጥምቀት ሰሞን ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀና ብትል እዚያው ታገኘዋለህ።

ይህ ለዓይን ብቻ የሚያምር ነገር አይደለም። ኮከብ ወደ አድማስ በቀረበ ቁጥር ብርሃኑ ብዙ አየር ያቋርጣል፣ ይደበዝዛል። የአውሮፓ ተመልካቾች ቤቴልጌውዝን ከሰማይ አጋማሽ ብዙም ከፍ ሲል አያዩትም። የሚያነጻጽሩባቸው ኮከቦች ከእሱ በታች ወይም በላይ ስለሚሆኑ የአየሩን ውጤት በሒሳብ ማረም አለባቸው። አንተ ጋ እሱ አናትህ ላይ ሲሆን ማነጻጸሪያ የሚሆኑህ ኮከቦች፣ ፕሮሲዮንና አልዴባራንም፣ ሁለቱም ከፍ ብለው ነው የሚታዩት። የአየሩ ልዩነት በዓይን ከሚያዝ በታች ነው። ሌላም አለ። በሚያዝያ መጨረሻ ቤቴልጌውዝ ወደ ፀሐይ ሲጠጋ ከሰሜን አገሮች ቀድሞ ይሰወራል፤ ከጅማ ግን ደመና ካልከለከለህ ጥቂት ቀናት ተጨማሪ ታገኛለህ። የወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚገኙ ልኬቶች ጥቂት ስለሆኑ ለእኛ ውድ ናቸው። «ክረምቱስ?» ትል ይሆናል፤ ጅማ ዝናብ እንደማይሰስት አውቃለሁ። ሰኔ ላይ ቤቴልጌውዝ ራሱ ከፀሐይ ጎን ስለሚሆን የትም ያለ የምድር ሰው ብዙ አያየውም። ጅማ ላይ ሰማዩ የሚጠራበት የበጋው ወቅት ደግሞ አውሮፓ በደመና የምትሸፈንበት ነው። ከደቡብ አፍሪካ ውጭ በአህጉራችን ተመልካች ጥቂት ነው። ቦታህ በራሱ ዋጋ አለው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከቤቴልጌውዝ ትንሽ የሚደምቅና ትንሽ የሚደበዝዝ ኮከብ ትመርጣለህ። ፕሮሲዮን 0.4 ነው፣ አልዴባራን 0.9 ገደማ። ቤቴልጌውዝ በሁለቱ መካከል የት ላይ ነው? ከፕሮሲዮን ተነስተህ ወደ አልዴባራን የሚወስደውን መንገድ አምስት ቦታ ክፈለው። ሁለት አምስተኛ ላይ ከመሰለህ 0.6 ነው። አለቀ፣ ለካህ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ግምት ይመስልሃል። ግን የጅማ ልጅ ነህና የቡና ቀማሾችን አስብ፤ ምላሳቸው ስኒ ከስኒ ሲያነጻጽር ነው የሚሰላው፣ ዓይንም እንደዚያው ነው። የለመደ ዓይን እስከ 0.1 ወይም 0.2 ማግኒቲዩድ ድረስ ይለያል። የብዙ ሰው ልኬት ሲጠራቀምና አማካዩ ሲወሰድ ስህተቱ ይቀንሳል።

ቀይ ኮከብ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቀይ ብርሃን ላይ ዓይንህን ተክለህ ከቆየህ ኮከቡ እየደመቀ የሚሄድ ይመስልሃል። ስለዚህ አታፍጥበት። አየት አድርገህ ወደ ማነጻጸሪያው፣ እንደገና ወደ እሱ። በባይኖኩላር ከሆነ ፎከሱን በትንሹ ብታጠፋው ቀለሙ ይለሰልስልሃል። ከመጀመርህ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ቆይ፤ ስልክህን ኪስህ ውስጥ አድርገው። መብራት ከሄደ ደግሞ ውጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሆኖልሃል።

ከዚያ ወደ ሚራ እለፍ። በ1596 ዴቪድ ፋብሪሲየስ የተባለ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነው መለዋወጡን ያስተዋለው፤ ሰውየው ሥራው ስብከት ነበር። ሚራ በ332 ቀን ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች። ስትደምቅ በባዶ ዓይን ትታያለች፣ ስትደበዝዝ ወደ 9 ወርዳ ለአንተ ባይኖኩላር ጫፍ ላይ ትሆናለች። ከኅዳር እስከ ጥር በምሽት ከፍ ብላ ታገኛታለህ። ለእሷ ቻርት፣ ማለትም የማነጻጸሪያ ኮከቦች ድምቀት የተጻፈበት የሰማይ ካርታ፣ ያስፈልግሃል። ቻርቱን የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከቦች ታዛቢዎች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤኤቪኤስኦ፣ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ያወጣልሃል። ማኅበሩ በ1911 ተመሥርቶ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ልኬቶች አሉት። አባል ሳትሆን ተመዝግበህ የተመልካች ኮድ መውሰድና ልኬት መላክ ትችላለህ። ቻርቱ ላይ ከኮከቡ አጠገብ 65 የሚል ካየህ 6.5 ማለት ነው። ነጥቡ የተተወው ኮከብ እንዳይመስል ነው። ስትልክ የተጠቀምክባቸውን ማነጻጸሪያ ኮከቦችና የቻርቱን መለያ አብረህ ትጽፋለህ። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ቢሮ ጣጣ ያየዋል፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። ነገ የማነጻጸሪያው ኮከብ ድምቀት በተሻለ መሣሪያ ተለክቶ ቢስተካከል፣ የአንተን ቁጥር አብረን እናስተካክለዋለን። ያን ካልጻፍክ ቁጥርህን ማዳን አንችልም።

ሰዓት ላይ ደግሞ እባክህ ተጠንቀቅ። የእኛ አገር ተመልካች የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ ሰዓት ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር በ6 ይለያል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት በዓለም አቀፉ 18:00 ነው። ስለዚህ በምሽትና በሌሊት ሰዓታችን ላይ 15 ደምርበት። ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 24 ይሞላና ቀኑ ወደ ማግስቱ ይዞራል፤ እስከዚያ ድረስ ግን የምሽቱን ቀን ነው የምትጽፈው፣ እሱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ለሚራ የሰዓት ስህተት ብዙ አይጎዳም። እንደ አልጎል ያለው ኮከብ ግን በ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ አንዴ የሚጋረድና ግርዶሹ 10 ሰዓት ያህል ብቻ የሚቆይ ነው፤ እዚያ ላይ ሰዓት ከተሳሳትክ ልኬቱ የለም በለው። ባለሙያዎች የዘመን አቆጣጠር ጣጣ ስለሰለቻቸው የጁሊያን ቀን የሚባል ተከታታይ ቁጥር ይጠቀማሉ። ቁጥሩ የሚቀየረው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ማለትም የጅማ ሌሊት ከመምሸት እስከ መንጋት በአንድ ቁጥር ውስጥ ያልቃል። ድረ ገጹ ራሱ ይቀይርልሃል፤ አንተ የምትጽፈው ሰዓት ትክክል ይሁን እንጂ።

እንቅጩን ልንገርህ፤ ዳታ የሚያበላሸው ደካማ ዓይን አይደለም፣ «ይህን አያለሁ» ብሎ አስቀድሞ መጠበቅ ነው። ከመውጣትህ በፊት የኮከቡን ግራፍ ከፍተህ «ዛሬ 0.7 መሆን አለበት» ብለህ ከወጣህ 0.7 ታያለህ። አትክፈተው። ያየኸውን ጻፍ፣ ላክ፣ ከዚያ ክፈት። ከሌሎች በ0.2 ብትለይ ተመልሰህ እንዳታስተካክለው። በ2019 መጨረሻ ቤቴልጌውዝ መደብዘዝ ሲጀምር፣ ሰዎች ከለመዱት ቁጥር ጋር ለማስማማት ቢያባብሉት ኖሮ አይያዝም ነበር። ከ0.5 ገደማ ተነስቶ በየካቲት 2020 ወደ 1.6 ወረደ። ይህ እንግዳ ነገር መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር የተቻለው የረጅም ዘመን የዓይን መዝገብ ስለነበረ ነው። ኋላ ቺሊ ካለው ሌላ ትልቅ ቴሌስኮፕ የተነሱት ምስሎች የኮከቡ ደቡባዊ ክፍል መጨለሙን አሳዩ። ኮከቡ ጋዝ ተፍቶ ጋዙ ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ ጋርዶታል፣ ገጹም በከፊል ቀዝቅዞ ነበር።

ኮከቡን ካጣኸውም ጻፍ። ሚራን ፈልገህ አጣሃት እንበል፤ በዚያ ምሽት ማየት የቻልከው ደብዛዛው ማነጻጸሪያ 8.5 ከሆነ «ከ8.5 የደበዘዘ» ብለህ ትልካለህ። ይህ ሙሉ ልኬት ነው። ድንገት የሚፈነዱ ኮከቦች ላይ እንዲያውም «ትናንት አልነበረም» የሚለው መስመር ፍንዳታው መቼ እንደጀመረ የሚያሳየን እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቲ ኮሮኔ ቦሪያሊስ በ1866 እና በ1946 ከ10 ተነስቶ ወደ 2 የደመቀ ኮከብ ነው። በባዶ ዓይን ከማይታይበት ወደ ደማቅ ኮከብነት ለመድረስ ሰዓታት ነው የሚበቁት። በጥርና በየካቲት ጎህ ከመቅደዱ በፊት ከጅማ በደንብ ከፍ ብሎ ይገኛል። ለሱብሒ ወይም ለኪዳን የሚነሳ ሰው ቤትህ ካለ አብረኸው ተነስ።

ስለ ካሜራ ባጭሩ፦ ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛ ካለህና ካሜራውን በትሪፖድ ካዋሰህ፣ በሮው ፎርማት (ካሜራው ሳያሳምር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) አንሳ፣ ፎከሱን በጥቂቱ አጥፋ፣ ደጋግመህ አንሳ፣ ከዚያ የአረንጓዴውን ቻናል ብቻ ለካ። አረንጓዴው ባለሙያዎች ከሚጠቀሙበት፣ ቪ ከሚባለው የብርሃን ማጣሪያ (ፊልተር) ጋር ይቀራረባል። በጥንቃቄ ከተሠራ ከዓይን በብዙ እጥፍ የጠራ ልኬት ይሰጣል። ስልክ ግን ፎቶውን ራሱ «አሳምሮ» ስለሚያወጣው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካሜራው ይቆይ፤ መጀመሪያ ሰማዩን እወቅ።

ቴሌስኮፕ አትግዛ። ቢያንስ አንድ በጋ በዓይንህና በባይኖኩላርህ ሥራ። ባይኖኩላሩን ግድግዳ ወይም እንጨት ላይ አስደግፈው፤ እጅህ ሲንቀጠቀጥ ደብዛዛው ኮከብ ይጠፋብሃል። ገንዘብ ማውጣት ካማረህ ቀይ ብርሃን ያለው ትንሽ ባትሪና ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይበቃሃል። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ በእኛ ሰዓት የለካህበትን ጊዜ፣ ማነጻጸሪያዎቹንና ሰማዩ እንዴት እንደነበር ጻፍ፤ መቀየሩን በማግስቱ በቀን ብርሃን ትሠራዋለህ። የመጀመሪያ ልኬቶችህን ከመላክህ በፊት ሰዓቱን የሚያይልህ ሰው ከፈለግክ እዚሁ ጻፍልኝ፣ አያቸዋለሁ። ቁጥሮቹን ግን አልነካብህም።